የማይቸኩለው ከሰል፦ ከቡና ገለባ ጋር የከረምንባቸው ስምንት ወራት

ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ የመጀመሪያውን በርሜል ለኮስን። ሦስት ነን፤ አንዱ በያጅ፣ አንዷ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የኪቶ ፉርዲሳ ግቢ በኬሚካል ምህንድስና የተመረቀች፣ እኔ ደግሞ ሰባት ዓመት የቡና ነጋዴዎችን መዝገብ ስይዝ የኖርኩ የሂሳብ ሰው። ሐሳቡን ያገኘነው ከመንገድ ዳር ነው። ከጅማ ወደ አጋሮ ሲኬድ፣ ከቡና መቀሸሪያዎቹ አጥር ውጭ ገለባ ተከምሮ ይታያል። ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ሲቀሸር ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ቅሽር ቡና፣ ግማሽ ያህሉ ገለባ ይሆናል። ቡናው 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል፤ ገለባው እዚሁ ቀርቶ ወይ ይበሰብሳል፣ ወይ እሳት ተለኩሶበት ለሳምንታት ይጤሳል። በዚያው መንገድ ዳር ደግሞ ከጫካ ተቆርጦ የከሰለ እንጨት በጆንያ ተደርድሮ ይሸጣል። ሁለቱን አይቶ አንዱን በሌላው ስለ መተካት የማያስብ ሰው ያለ አይመስለኝም። ነገሩ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ እስከ ዛሬ ገበያውን ለምን እንዳልሞላው መጠየቅ ነበረብን፤ አልጠየቅንም።

ባለ 200 ሊትር በርሜል፣ ከታች የተበሱ ቀዳዳዎች፣ ከላይ የላሜራ ክዳንና የጭስ ማውጫ። 30 ኪሎ ገለባ ሞላንበት። ለሦስት ሰዓት ነጭ ጭስ ብቻ ወጣ። አንዲት የሰፈሩ እናት አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፍነው መጡና «ልጆቼ፣ ንብ ነው የምታባርሩት?» አሉን።

ጥቅምት 10

በርሜሉን ከፈትን። ላይ ላዩ አመድ፣ መሐሉ እንዳስገባነው ጥሬ ገለባ። ለከሰል የሚሆነው ከሥሩ የተገኘው 4 ኪሎ ብቻ ነው። ጥፋቱ ሁለት ነው። ያገኘነው ክረምት የመታው የአምናው ገለባ ነበር፤ የዘንድሮው ቡና ገና ለቀማ ላይ ነው። ሌላው ደግሞ ገለባ እንደ እንጨት አይደለም፤ ተጠቅጥቆ ይቀመጥና አየር አያሳልፍም።

ጥቅምት 24

በያጁ ወንፊት መሰል የሽቦ መረብ ጠቅልሎ በበርሜሉ መሐል እንደ ቧንቧ አቆመው፤ ገለባውን በዙሪያው ሞላን። አየሩ መሐል ለመሐል ወጣ። ገለባውንም አስቀድመን ሁለት ቀን ፀሐይ አሰጣነው። ከ30 ኪሎ 9 ኪሎ ከሰል ወጣ። ሠላሳ በመቶ! በያጁ በደስታ በርሜሉን በመዶሻ እየመታ ከበሮ አደረገው።

ከዚህ ሳምንት የተማርነው የጭስ ንባብ ነው። መጀመሪያ የሚወጣው ነጩ ጭስ ውኃ ነው፤ ቀጥሎ ወፍራምና ቢጫ መሰል፣ ዓይን የሚያቃጥል ይሆናል፤ በመጨረሻ ይሳሳና ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ሲሳሳ ወዲያው ከታችም ከላይም በጭቃ መምረግ ነው። አምስት ደቂቃ ቢዘገይ ከሰሉ አመድ መሆን ይጀምራል።

አንድ ነገር ግን መዝገብ ላይ ይሁን። ማክሰኞ ዕለት ቸኩለን በርሜሉን በዚያው ምሽት ከፈትን፤ ቀዝቅዟል ብለንም ከሰሉን ጆንያ ውስጥ ከተትነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ዘበኛው ደወለልኝ። ከሰሉ ለካ ውስጥ ውስጡን ነዶ ጆንያውንና የመጋዘኑን በር ግማሽ በልቶታል። በሩ የአከራያችን ነው፤ ከኪሳችን 2,800 ብር ወጣ። ከእንግዲህ የታሸገ በርሜል ሳያድር አይከፈትም።

ኅዳር 14

ከገለባ የሚወጣው ከሰል ደቃቅ ስለሆነ ተጨምቆ ቅርጽ መያዝ አለበት፤ የከሰል ዱቄት ግን ብቻውን አይያያዝም፤ ማጣበቂያ ይፈልጋል። በሦስት ሳምንት ውስጥ ያልሞከርነው የለም። የሸክላ አፈር ርካሽ ነው፤ ግን አመድ ያበዛል፣ እሳቱንም ያደነዝዘዋል። የከብት እበት ያጤሳል። የስንዴ ዱቄት ሙጫ ግሩም ነበር፤ ዳቦ በዚህ ዋጋ ሆኖ ዱቄት ማቃጠል ግን ለጆሮም ይከብዳል። የካሳቫ ስታርች በፈላ ውኃ ተበጥብጦ፣ እንደ አጥሚት ወፍሮ ሲገባበት ጥሩ ያዘ። ለ100 ኪሎ የከሰል ዱቄት 6 ኪሎ።

የመጭመቂያውን ማሽን ዋጋ ጠይቀን ዝም ብለን ተመለስን። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ሞተር ዋጋው ሌላ ሆኗል። በያጁ «ክሪክ አለኝ» አለ። የጭነት መኪና ክሪክ፣ የብረት ማዕቀፍ፣ 16 ቀዳዳ ያለው ቅርጽ። ሁለት ሰው እየተፈራረቀ በቀን 60 ኪሎ ያወጣል። መጀመሪያ አፈርኩበት። አሁን ግን ማሽኑን ለመግዛት ገንዘብ ስላልነበረን አመሰግናለሁ፤ ቅርጹን ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ለውጠነዋል፤ የተገዛ ማሽን ቢሆን ማን ይደፍረው ነበር?

ኅዳር 28

የመጀመሪያው ወግ ያለው ፈተና። ሁለት እኩል ምድጃ፣ በአንዱ የእንጨት ከሰል፣ በሌላው የእኛው። በየላያቸው አንድ አንድ ሊትር ውኃ። የመጀመሪያው ክርክር የተነሣው በቴርሞሜትሩ ነው። ውኃው እየተንተከተከ 94 ዲግሪ ላይ ቆመ። «ተበላሽቷል» ብዬ ልመልሰው ስነሳ ምህንድስና ያጠናችው ሳቀችብኝ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ውኃ 100 አይደርስም።

ውጤቱ፦ የእንጨቱ በ6 ደቂቃ ፍም ሆነ፣ በ1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ አለቀ። የእኛው ፍም ለመሆን 17 ደቂቃ ፈጀ፣ ግን 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ቆየ። ፍንጣሪ የለውም፣ ጭሱም ጥቂት ነው። እኔ በመዝገቤ ላይ «አሸነፍን» ብዬ ጻፍኩ። 17 ደቂቃውን በአነስተኛ ፊደል።

ታኅሣሥ 17፣ ሐሙስ

ሐሙስን የመረጥነው በገበያ ቀን ለመጀመር ነው። የጅማው ሂርማታ ከዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የሐሙስ ገበያው የታወቀ ነው፤ የእኛም ታሪክ ከዚያ ይጀምር ብለን በጥቂቱ ተኩራርተናል። ለ20 የጀበና ቡና ሻጮች ለእያንዳንዳቸው ሁለት ኪሎ በነጻ ሰጠን። ሁሉም መረቁን። «ጎበዞች ናችሁ፣ አገር የሚለወጠው በእንደዚህ ዓይነት ሥራ ነው» ያሉም ነበሩ።

ታኅሣሥ 24፣ ሐሙስ

ለመሸጥ ተመልሰን ሄድን። ከ20ው የገዛ አንድም የለም።

ምክንያቱን ስንጠይቅ ምርቃቱ ቀጠለ፤ «ጥሩ ነው፣ ገና አልጨረስነውም»። የእኛ ሰው ፊት ለፊት «ሥራህ አልጠቀመኝም» አይልም፤ ይሉኝታ ይይዘዋል። ሰባት ዓመት ከነጋዴ ጋር ስሠራ ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ በራሴ ሥራ ላይ ሲሆን ረሳሁት።

ታኅሣሥ 25

መጠየቁን ትቼ ተቀመጥኩ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት፣ አውቶቡስ መናኸሪያው አካባቢ አንዲት ቡና አፍዪ አጠገብ፣ በትንሽ በርጩማ ላይ። እሷ መጥታ ረከቦቷን ከማውጣቷ በፊት ሦስት ደንበኞች ቆመው ይጠብቃሉ። ሁሉም ተጓዥ ነው፤ ረዳቱ እየጮኸ ይጠራል። የእንጨት ከሰሉን አራግፋ፣ በጥቂት ላስቲክ ለኩሳ፣ በካርቶን ስታራግብ በአምስት ደቂቃ ጀበናው ተጣደ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሰው ሲቀንስ እሳቱም ይሞታል፤ ደንበኛ ሲመጣ እንደገና ማራገብ ነው። በዚያች ጠዋት አራት ጊዜ ለኮሰች።

«የእናንተውን ሞክሬው ነበር» አለችኝ ዓይኗን ከጀበናው ሳታነሣ። «ወንድሜ፣ የእኔ ደንበኛ ለአጋሮ መኪና ተሳፍሮ ነው የሚሄደው። ያንተ ከሰል ሲቀጣጠል እሱ የቡ ከተማ ደርሷል።»

ያቺን 17 ደቂቃ ዛሬ በትልቁ ጻፍኳት።

ጥር 21

ይህን ወር ያጠፋነው በውድድር ነው። ለጀማሪ ድርጅቶች የተዘጋጀ፣ ሽልማት ያለው። 14 ስላይድ ሠራን፤ አንዱ ላይ ወደ ላይ የሚወጣ መስመር አለ፤ መስመሩ የምን እንደሆነ አሁን ብትጠይቁኝ አላውቅም። ሦስተኛ ወጣን፣ የምስክር ወረቀት ሰጡን፣ ፎቶ ተነሣን። በወሩ ውስጥ የሸጥነው ከሰል 35 ኪሎ ነው። የምስክር ወረቀቱ መጋዘኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ጥላሸት እየለበሰ ነው።

የካቲት 4

ያላሰብነው ደንበኛ መጣ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ የአንድ ቀን ጫጩት ተቀብለው 45 ቀን አሳድገው ይሸጣሉ። ጋሼ የመጡት ከሰሉን ፈልገው ሳይሆን በያጁን ፈልገው ነበር፤ በር ሊያሠሩ። በመጋዘኑ ጥግ የሚነደውን ምድጃ አዩና «ይህ መቼ የተለኮሰ ነው?» ብለው ጠየቁ። ጠዋት ነው አልናቸው። ሰዓታቸውን አዩ፣ እንደገና ምድጃውን አዩ፣ በሩን ረሱት።

ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ33 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል ይቀነስለታል። ጋሼ በአምፖል ያሞቃሉ። መብራት ሌሊት ሲጠፋ ጫጩቶቹ ሙቀት ፍለጋ አንዱ በአንዱ ላይ ይደራረባሉ፤ ከሥር ያሉት ታፍነው ያልቃሉ። ባለፈው ወር በአንድ ሌሊት 60 አጥተዋል። የእንጨት ከሰል ሞክረው ነበር፤ በየሰዓቱ መነሳት ሆነባቸው። «እንቅልፍ የሚያስተኛኝ እሳት ነው የምፈልገው፤ ቶሎ ይያዝ አይያዝ ምን አገባኝ!» አሉ።

አንድ ጆንያ ወሰዱ። ከፈሉ። ሳንለምናቸው።

የካቲት 9

ጋሼ እንቅልፍ ያሉት ነገር ሲያስፈራኝ ከረመ። ከሰል፣ ዝግ ክፍል፣ ሌሊት። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። እኔ ራሴ ትናንት የማድረቂያ ክፍሉን መስኮት ዘግቼ ሙቀት ስለካ ከ40 ደቂቃ በኋላ ራሴን ለሁለት የሚከፍል ሕመም ያዘኝ፤ ጉልበቴ ከድቶኝ ግድግዳ ይዤ ወጣሁ። የእኛ ከሰል ጭሱ ትንሽ መሆኑ ሰውን ያዘናጋል፤ ጭስ የለም ማለት መርዝ የለም ማለት አይደለም።

ዛሬ ለጋሼ የላሜራ ምድጃ ከነጭስ ማውጫው በነጻ ገጠምንላቸው፤ ቧንቧው ከጣሪያ በላይ ይወጣል፤ ከግድግዳው ሥርም የንጹሕ አየር መግቢያ ተከፈተ። ለጫጩት አርቢ ያለ ቧንቧ ከሰል አንሸጥም ብለን ተስማማን። በያጁ «ታዲያ ምድጃ ሻጭ ልንሆን ነው?» ብሎ አጉረመረመ። ሳይሆን አልቀረም።

የካቲት 26

ባልደረባችን አዲስ አበባ ሥራ አገኘች። ደስ ይበላት፤ ደመወዙ እኛ በዓመት ከምናየው ይበልጣል። ችግሩ ሌላ ነው። በጥቅምት አንድ ምሽት፣ ሽሮ እየበላን፣ «እኩል ለእኩል» ተባብለን ሲሶ ሲሶ ተካፍለናል፤ ወረቀት ግን የለም። አሁን ሲሶው ይዟት ይሄዳል ወይ? እሷም አታውቅም፣ እኛም አናውቅም። ሦስት ቀን ተኮራረፍን። የማጣበቂያው ልክ፣ የማድረቂያው ሰዓት፣ የፈተናው ውጤት ሁሉ በእሷ ደብተር ውስጥ መሆኑም ያኔ ነው ትዝ ያለን።

በመጨረሻ ያስታረቀን ብዙ ስታርታፖች የሚጠቀሙበት ቀላል ሥርዓት ነው፤ ድርሻ በአንድ ሌሊት አይሰጥም፣ በአራት ዓመት ሥራ ቀስ በቀስ ይገኛል፤ አንድ ዓመት ሳይሞላው የሄደ ደግሞ ምንም አይዝም። በዚያ ልክ ከሄድን እሷ ባዶ እጇን ልትሄድ ነው፤ ይህ ደግሞ ለኅሊና አይመችም። ስለዚህ አምስት በመቶ አስቀረንላት፣ ደብተሩንም ገልብጠን ወሰድን። አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ሆኖ የወጣው የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር በአንድ ሰው ብቻ እንኳ እንዲቋቋም ይፈቅዳል፤ እኛ በጥቅምት ተመዝግበን መተዳደሪያ ደንብ ጽፈን ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ በአንድ አንቀጽ እንጨርሰው ነበር። ደንቡን አሁን እየጻፍኩ ነው። መጀመሪያ የጻፍኩት አንቀጽ ሰው ሲለቅ ስለሚሆነው ነው።

መጋቢት 12

ዘንድሮ ረመዳንና ዐቢይ ጾም አንድ ላይ ገጠሙ። ቀን ቀን የጀበና ቡናው ገበያ ግማሹ ዝግ ነው። እኛ ግን በወሩ ከምንጊዜውም በላይ ሸጠናል። ምክንያቱ ሾርባ ነው። የማፍጠሪያው ሾርባ ከሰዓት በኋላ ተጥዶ እስከ ምሽት ቀስ ብሎ ይበስላል፤ ለእርሱ የማይቸኩል እሳት ተፈለገ። አንዷ ለጎረቤቷ፣ ጎረቤቷ ለእህቷ እየነገረች 1,100 ኪሎ ሄደ። በያጁ ሁለተኛ ክሪክ እንግዛ እያለ ነው።

መጋቢት 30

ኢድ አለፈ፤ ሽያጩ ወደ 380 ኪሎ ወረደ። ክሪኩን ገዝተነዋል።

ሚያዝያ 3

ገለባው ነጻ ነበር። ነበር። በሁለት ጋሪ ስንወስድ የመቀሸሪያው ባለቤት ሐጂ በሩ ላይ ቆመው «ውሰዱ ልጆቼ፣ ቦታ ታስለቅቁልኛላችሁ» ይሉን ነበር። ባለፈው ሳምንት በአይሱዙ ስንመጣ ዝም ብለው አስጫኑንና ቡና ጋበዙን። በሁለተኛው ስኒ ላይ ዋጋውን ነገሩን፤ 15 ኪሎ ለሚይዘው ጆንያ 30 ብር። ልወቅሳቸው አልችልም። ሰው የሚፈልገው ነገር ቆሻሻ አይባልም።

ማታ ቁጭ ብዬ እንደ ሂሳብ ሠራተኛ አሰብኩት፤ ማፈር ካለብኝ ማፈር ያለብኝ እዚህ ላይ ነው። አንድ ኪሎ በ18 ብር እንሸጣለን። እስከ ዛሬ ወጪ ብዬ የያዝኩት ማጣበቂያ 2 ብር ከ50፣ መጓጓዣ 3 ብር፣ ማገዶና መብራት 1 ብር፣ ማሸጊያ 1 ብር ከ50 ነበር፤ ድምሩ 8 ብር። አሥር ብር እናተርፋለን እያልኩ በዚያ ስላይድ ላይም ጽፌዋለሁ። አንድ ኪሎ ለማውጣት 3.2 ኪሎ ገለባ ይፈጃል፤ ይህ 6 ብር ከ40 ነው። የእኛ ጉልበት፣ በቀን ሠራተኛ ዋጋ እንኳ ቢታሰብ፣ በኪሎ 5 ብር። በአጠቃላይ 19 ብር ከ40። ከእንግዲህ በየኪሎው 1 ብር ከ40 ከኪሳችን እየጨመርን ልንሸጥ ነው፤ ብዙ በሸጥን ቁጥር ብዙ እየከሰርን።

የሌላ ሰው መዝገብ ሲሆን ይህን በአንድ እይታ አገኘዋለሁ።

ሚያዝያ 19

400 ኪሎ ሻገተ። ከፋሲካ በፊት የጨመቅነው ነው። ዝናቡ አልበረደ አለ፤ ስታርች ምግብ ነውና ሻጋታም ይበላዋል። ላዩ ነጭ ጸጉር አበቀለ፤ ሲነኩት እንደ ደረቀ አይብ ይፈረፈራል። ፈጭተን እንደገና እንጨምቀዋለን፤ ሁለት ሳምንት ባከነ።

ሚያዝያ 27

መፍትሔው አፍንጫችን ሥር ነበር። ሐጂ የቡና ማድረቂያ አልጋ አላቸው፤ በእንጨት ላይ ከፍ ብሎ የተዘረጋ የሽቦ መረብ፣ አየር ከሥርም ከላይም የሚያገኘው። ከለቀማው ወራት ውጭ ባዶውን ይቆማል። የዕለቱ ሠራተኛ የሆኑ አንድ አዛውንት ከሰሉን እንደ እሸት ቡና በስሱ አሰጡት፣ በየሰዓቱ አገላበጡት፣ ደመና ሲመጣ በላስቲክ ሸፈኑት፣ ማታም ጤዛ እንዳይነካው ከደኑት። መሬት ላይ ዘጠኝ ቀን የፈጀብን በአራት ቀን ደረቀ። «ቡና ማድረቅ የሚያውቅ ሰው ምን ይቸግረዋል?» አሉኝ። እኛ ግን ስለ ማድረቂያ ክፍል ማሞቂያ የውጭ ዋጋ ስናጠና ነበር።

ግንቦት 8

በርሜሎቹን ነቅለን ሐጂ ግቢ፣ ከመቀሸሪያው ጀርባ ተከልናቸው። ገለባውን ወደ በርሜል ከመውሰድ በርሜሉን ወደ ገለባው መውሰድ። 150 ኪሎ ገለባ አሥር ጆንያ ነው፤ ከሰል ሆኖ ሲወጣ 45 ኪሎ፣ ሦስት ጆንያ። መጓጓዣው ከ3 ብር ወደ 90 ሳንቲም ወረደ። ሐጂም ገለባውን በጆንያ መሸጥ ትተው ከምንሸጠው በኪሎ 2 ብር ሊወስዱ ተስማሙ፤ እኛ ካልሸጥን እሳቸውም አያገኙም። የሰፈራችን እናቶችም ከጭሱ ተገላገሉ። ዋጋውን 23 ብር አደረግነው። ከሾርባ ደንበኞቻችን ሁለቱ ቀሩ፤ ከጫጩት አርቢዎቹ ማንም ዋጋ አልጠየቀም። አሁን ዘጠኝ ናቸው፤ ሁሉም በጋሼ በኩል የመጡ።

በዱቤ የወሰደ አንድ ምግብ ቤት 4,600 ብር ከያዘብን ሦስተኛ ወሩ ነው። ዱቤ ቆሟል።

ግንቦት 23

መናኸሪያው አካባቢ አለፍኩ። የቡና አፍዪዋ ምድጃ ውስጥ የእኛን ከሰል አየሁ። ማመን አቅቶኝ ጎንበስ አልኩ። ከሥር የእንጨት ከሰል፣ ከላይ ሁለት የእኛ። ጠዋት በእንጨቱ ቶሎ ትለኩሳለች፤ የእኛው ቀስ ብሎ ከሥር ይያያዝና ሰው ሲቀንስ እሳቱን ጠብቆ ያቆይላታል። ዛሬ የለኮሰችው አንድ ጊዜ ነው። ከየት እንዳገኘችው ስጠይቃት ከአክስቷ፣ አክስቷ ጫጩት ያረባሉ።

«አስተካክሉት እንጂ» አለች፣ አንዱን ፍም በመቆንጠጫ አንስታ እያሳየችኝ። «ይህ ለዶሮ ቤት ነው የተሠራው። ለጀበና ግማሹ ይበቃል፤ እኔ በድንጋይ እየሰበርኩ ነው የምከተው፣ ሲሰበር ደግሞ ይደቅቃል።»

ለበያጁ ደወልኩለት። ባለ 16 ቀዳዳውን ቅርጽ ትቶ ባለ 30 ቀዳዳ፣ አጭርና ቀጭን፣ ሰኞ ይቆርጣል። እሷ የሰበረችውን አንድ ቁራጭ ለመለኪያ በወረቀት ጠቅልዬ ወስጃለሁ።